ስድሳ አራት ፊደል

ከሂርማታ ገበያ ጀርባ፣ ዝናብ ከሚደልቀው ጣራ ሥር፣
ከአባ ፊጣ ወርክሾፕ፣ የዋንዛ ብናኝ ከለበሰው በር፣
አንዲት ማሽን አለች፤
ኮምፒውተር ያላትን ሰምታ ሐረግ ትቀርጻለች፤
የታዘዘችውን ትሠራለች፣ ካልጠየቋት ዝም ትላለች።

ሰኞ አዲስ ፕሮግራም ጫንኩ፣ ሥራው እንዲፋጠን።
የድሮው አንድ መስመር ልኮ «እሺ» እስክትል ይጠብቃል፤
አዲሱ አጉራሽ ነው፣ እጁ አያርፍም፤
ትዋጥ አትዋጥ አይጠይቅም።

ማክሰኞ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሳተች።
በርጩማውን አባ ፊጣ ከአንድ ግንድ ነው ያወጡት፣
ሦስት ቀን፣ በመጥረቢያና በመሮ፤
ለእኔ የቀረው የመቀመጫው ሐረግ ብቻ ነበር።
ጥልቀቱ ሦስት ነጥብ ሁለት ሚሊ ሜትር።
ነጥቧ መንገድ ላይ ወደቀች።
ሠላሳ ሁለት ሆነ።
ጥርሱ እንጨቱን ወጋ፣ ዘለቀ፣ ከጠረጴዛው ደረሰ፣
ጮኸ፣ ጨሰ፤
ቀዩን ቁልፍ በመዳፌ ስመታው
የቀረው የዝናቡ ድምፅ ነው።

«መብራቱ ነው» አሉ ጎረቤቶች።
«ዓይን ነው» አለች ቫርኒሽ የምትቀባው ነጅያ።
አባ ፊጣ ቀዳዳውን በሌባ ጣታቸው ለኩና
«አንቺስ ምን ትያለሽ፣ የተማርሽው?» አሉኝ።
ከኪቶ ፉርዲሳ ያመጣሁት ወረቀት
ከቤት ኪራዩ ደረሰኝ ጎን ተሰቅሏል።
ዝም አልኩ። አላውቅማ።

ማታ፣ ሁሉም ሲሄድ፣ ራሷን ጠየቅኋት።
ጥያቄው ሁለት ምልክት ነው፤
ዶላር፣ ከጎኑ እንደ ምርኩዝ ቀጥ ያለች አንዲት የላቲን ፊደል።
(ዶላር በዚህ ቤት የታየው በዚህች ብቻ ነው።)

መለሰች። አልተግደረደረችም፣ አላጋነነችም።
የስንተኛው ትውልድ እንደሆነች፣ የተቀመረችበትን ቀን፤
የተፈቀደላትን ሁሉ በነጠላ ነጠላ ፊደል፤
ከዚያ ሁለት ቁጥር፦
አሥራ አምስት፣ አስቀድማ በልቧ የምታሰላው እርምጃ፤
ስድሳ አራት፣ በጆሮዋ ደጃፍ ወረፋ የሚይዝ ፊደል።

ስድሳ አራት!
መቶ ሃያ ስምንት ትይዛለች ብዬ ነበር የማጎርሳት።
መመሪያው እንደዚያ ይላል፤ የሌላው ማሽን ሁሉ እንደዚያ ነው።
ትርፉ የት ሄደ? መሬት ላይ እንኳ አልፈሰሰ።
ዝም ብሎ ጠፋ፤ አንዳንዴ ፊደል፣ አንዳንዴ ነጥብ።

እኛ ጋ ሆድ አይለካም።
ሆድ ይፍጀው ይባልና ይዘጋል።
ሆደ ሰፊ ያሉት ሰው ይኮራል፤ ስለኮራ ይጨመርለታል።
ስንት ሲቀረው እንደሚሞላ ማንም አያውቅ፣
አንዲት ነጥብ ከመካከል እስክትወድቅ።

ከቁጥሮቹ ሌላ፣ የሠሪዋ ቃል የሚጻፍባት ጠባብ ቦታ አለች፤
በብዙዎቹ ባዶ ናት።
በእኛዋ ላይ ግን ተጽፏል፣ በላቲን ፊደል፣ በገዛ ቋንቋችን፦
«ሻፊ። ጆሮዋ ጠባብ ነው። ቀስ በሉ።»

ሻፊ ከእኔ በፊት የነበረው ነው፣
ምሳውን ከጣውላው ክምር ኋላ ብቻውን የሚበላው።
ብናኝ መምጠጫውን እንድታዝ ብሎ
ቦታ ሲያጣ ከጆሮዋ የቀነሰው፤
አንድ ሐሙስ መሣሪያውን በጨርቅ ጠቅልሎ
የአጋሮ ሚኒባስ ላይ የወጣው።
«አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ሄደ» ይላሉ አባ ፊጣ እስካሁን።
ተንፍሶ ነበር።
ያጣው ጠያቂ ነው።

ቁጥሩን አስተካከልኩ። በቁራጭ ጣውላ ላይ ሞከርኩ፤ አልሳተችም።
ጠዋት «ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኳቸው።
አባ ፊጣ ቀና ብለው አላዩኝም፤
ቀዳዳውን በክብ ጥቁር እንጨት እየደፈኑ
«የሙሽራዋ እናት ጌጥ ይመስላታል» አሉ።
መሮ የያዘው እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ።
ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እንጃ።
«አባ፣ እርስዎስ እንዴት ነዎት?»
«አልሐምዱሊላህ» አሉኝ።
ቁጥር የለውም።